የጋሽ ደምሴ ጣሪያ

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የነገረኝ ጎረቤታቸው ፒኖ ነው። ፒኖ ጣሊያን ነው፤ ዕድሜው ከእሳቸውም ይገፋል፤ እንግሊዝኛው ከእኛ አይሻልም። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነበር። ከዚያ «ዴሚ» አለ። ስማቸውን ሞልቶ ጠርቷቸው አያውቅም። «ዴሚ ዛሬ በረዶውን አልጠረገም።»

ቶሮንቶ ዳር፣ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ እነሱ በሚኖሩባት አጭር መንገድ ላይ ከማንም ቀድመው ደጃቸውን የሚጠርጉት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ፒኖ በመስኮት ሲያይ በረዶው ማንም ሳይረግጠው ተኝቷል። ሄዶ አንኳኳ፤ መልስ የለም። ፖሊስ ተጠርቶ በሩ ሲከፈት ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን ቡትስ ውስጥ ከተው ሌላውን ገና ሳያጠልቁ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ ነበር። ልባቸው ነው ተባለ።

እኔ ያን ጊዜ ከቤታቸው ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አግብቼ ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ፎቆች በአንዱ እኖራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ ሞታቸው ሳይሆን ጣሪያቸው ነው። «ሳያሳዩአት ሞቱ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እነማን ናቸው? ምኑን ነው የሚያሳዩት?» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሰው ለአንድ ጣሪያ ያን ያህል እንዴት ይጨነቃል ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ለጣሪያው አልነበረም የተጨነቁት። እሱን ለማስረዳት ግን ከቁሌቱ መጀመር አለብኝ።

ቤታቸው የገባሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሥራ አግኝቼ ከጄን ኤንድ ፊንች በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ስሰቃይ፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰው «ቤዝመንት የሚያከራዩ አንድ ሰው አሉ፤ ጠባያቸው ግን ትንሽ ለየት ያለ ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በገባሁበት ዕለት ነው። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ሰጡኝ፣ የሙቅ ውኃውን ቧንቧ አሳዩኝ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ስትፈልግ ግባ፣ ስትፈልግ ውጣ፣ ሬዲዮ ክፈት፣ እንግዳ ጥራ። ምንም አልልህም። አንድ ነገር ብቻ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ቁሌት የለም።»

«ቁሌት?»

«ሽንኩርት በበርበሬ ማቁላላት። የለም። ወጥ ካማረህ ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ምድጃ አለልህ። እኔም እዚያው ነው የምሠራው።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም። ለእንቁላል እንኳ ሽንኩርት ባስነካ ከላይ ወለሉን በጫማቸው ይደበድቡብኛል። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት በቆርቆሮ ዓሣና በዳቦ ነው፤ ዛሬም ድረስ ቱና ሲሸተኝ ያ ቤዝመንት ይታየኛል። ሽታው ልብሳችን ላይ ቀርቶ ፈረንጅ እንዳይሰድበን የሚፈሩ መስሎኝ በሆዴ ታዝቤያቸው ነበር።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ነበሩ። ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ መሀል ከተማ ካለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት በተከለለች ቡዝ ቁጭ ብለው ከሾፌሮች ትኬት ይቀበላሉ። ክራቫት ሳያስሩ ሥራ ሄደው አያውቁም። «ለማን ነው ክራቫቱ? ለመኪኖቹ?» ስላቸው «ለእኔ» ይሉኛል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ሥራ ሲጠፋም፣ መኪናቸው ሲሞትም፣ የባለቤታቸውን አሟሟት ሲያወሩም የሚጀምሩት «ነገሩ ቀላል ነው» በሚለው ነው። ከዚያ የሚከተለው ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም።

ከሥራ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አይገቡም። መንገዱን ተሻግረው የፒኖ አጥር ጥግ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የገዛ ጣሪያቸውን ያያሉ፤ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይመለሳሉ። ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን ይህችን ሳያደርጉ ገብተው አያውቁም። ፒኖ መጀመሪያ ላይ የእሱን ቤት ሊሰልሉ የሚመጡ መስሎት ነበር አሉ።

እዚህ አገር ቤት የሚከደነው በቆርቆሮ አይደለም። ሺንግል የሚሉት ነገር ነው፤ ሬንጅ የጠጣ ወፍራም ወረቀት መሳይ፣ ላዩ ላይ የድንጋይ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ የሚመታ ክዳን። የጋሽ ደምሴ ቤት ትንሽ የጡብ ቤት ናት፤ ፊቷ ወደ ሰሜን ስለሆነ የመንገዱ በኩል ያለው ጣሪያ ፀሐይ እምብዛም አያገኘውም። በዚያ በኩል ከአናቱ እስከ አሸንዳው ድረስ ጥቁር ጥቁር ነገር ወርዶበታል። ሰው ከላይ ቀለም የደፋበት ይመስል ነበር። እኔ ከገባሁ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ግን የሰው ጣሪያ ማን ልብ ይላል?

ሂሩት የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። እናትየዋ የካናዳ ቪዛቸውን ሲጠብቁ ካርቱም ላይ በወባ ሞታለች፤ ሂሩትን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። እኔ ስመጣ ሃይስኩል ነበረች። ትምህርት ቤት ሩት ይሏታል። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባትየው በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ ሲነታረኩ ከታች ሆኜ ስሰማ፣ ሁለት ሬዲዮ አንድ ላይ የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ቤት እራት ያሳዝነኝ ነበር። ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮ ነው ያለው። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ለብሰው ይገባሉ፤ በሩን ለጭሱ ገርበብ ያደርጉታል፤ ትንፋሻቸውና የድስቱ እንፋሎት አንድ ላይ ሲወጣ በቤዝመንቷ ጠባብ መስኮት ይታየኛል። ሲጨርሱ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው በረዶውን እየረገጡ ወደ ቤት ይሮጣሉ። «ሂሩት! ነይ ብይ!»

«አይ ኤት ኦልሬዲ፣ ዳዲ» ትላለች ከክፍሏ። ዳቦ ጠብሳ በልታለች።

ወጡም መንገድ ላይ ቀዝቅዟል። አንዳንድ ጊዜ ወለሉን ሁለቴ ረገጥ ያደርጋሉ፤ ለእኔ ያ የእራት ጥሪ ነው። ወጥቼ አብሬያቸው እበላለሁ። ዓይናቸው ከተዘጋው የልጅቷ በር አይነቀልም። «እዚያው ምድጃው ላይ ቢሠሩትኮ ትኩሱን ትበላ ነበር» አልኳቸው አንዴ። «ብላ» አሉኝ።

ሂሩት ሃይስኩል ጨርሳ ቫንኩቨር ያለ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበላት ጠቡ መጣ። እኔ ታች ነበርኩ፤ ጆሮዬን ልድፈን ብልም የቤቱ ወለል ስስ ነው።

«እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጠፋ? ከተማው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አይደለም እንዴ!»

«ኢትስ ኖት አባውት ስኩል፣ ዳዲ።»

«ታዲያ ስለምንድነው?»

እሷም እንደምንም በአማርኛ «ይሄ ቤት ቀዝቃዛ ነው» አለች።

«ማሞቂያውን ከፍ ላድርገው?»

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው፤ ሄደው ቁልፉን ሲያዞሩት ሁሉ ሰምቻለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ማልቀስ ጀመረች፤ ሻንጣዋን ስትጎትት የመንኮራኩሩ ድምፅ ከራሴ በላይ አለፈ። «ይህን በር ከወጣሽ» አሉ ጋሽ ደምሴ። የቀረውን አልጨረሱትም። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የምትደውለው ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነበር። ደህና ነህ? ደህና። ደህና ነሽ? ደህና። ትምህርት እንዴት ነው? ጉድ። ኦኬ ባይ። ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ እጃቸውን ከላዩ ላይ ቶሎ አያነሱትም።

በሚቀጥለው ፀደይ፣ በአንድ የዕረፍት ቀናቸው፣ ከውጭ የብረት መንኳኳት ሰምቼ ስወጣ ጋሽ ደምሴ መሰላል አቁመዋል። ቱታ ለብሰዋል፤ ክራቫት ያላሰሩበትን ቀን ያየሁት ያን ዕለት ነው። በእጃቸው የሽቦ ብሩሽ ይዘዋል።

«ያዝልኝማ መሰላሉን። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጥላሸቱን አንስቼ መውረድ ነው።»

«የምን ጥላሸት?»

መሰላሉ ላይ አንድ እግራቸውን እንዳሳረፉ ቆሙና ነገሩኝ። ሂሩት ትንሽ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የጠየቀቻቸው። «ልጆቹ ያንቺ ቤት ቆሻሻው ቤት ነው አሏት። ዳዲ፣ የኛ ቤት ለምንድነው ቆሻሻ የሆነው አለችኝ። ወጥቼ አየሁት። እውነቷን ነው። የሰው ሁሉ ጣሪያ ንጹሕ ነው፤ የኛ ጠቁሯል። ያቺ ቱቦ ትታይሃለች?» አሉና ከጣሪያው መሀል ብቅ ያለችውን፣ የቆርቆሮ ቆብ የደፋችውን የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ አሳዩኝ። «በሷ ነው የሚወጣው። ፈረንጅ ድንች ነው የሚቀቅለው፤ ድንች አያጠቁርም። የኔ ቁሌት ነው ልጄን ያሳፈራት። በዚያው ሳምንት የጋዝ ምድጃ ገዝቼ ቁሌቱን ጋራዥ አወጣሁት።»

«ለሷ ነግረዋታል?»

«ምን ብዬ? ያሳፈረሽ አባትሽ ነው ብዬ?»

ያ ሁሉ ቱና፣ ያ ሁሉ በረዶ ላይ የሚሮጥ ድስት፣ ለካ ለዚህ ነው። ስቄ ልሙት ወይስ አልቅሼ፣ አላወቅሁም። እሳቸው ግን ወጥተዋል። ፊት ለፊት ከሂሩት መስኮት በላይ ካለው ቦታ ጀመሩ።

እኛ አገር ያልተፈተገ ነገር ጸዳ አይባልም፤ ድስቱም፣ ወለሉም፣ የልጅ ተረከዝም። ጋሽ ደምሴም ያንን ጣሪያ በዚያው እምነት ተንበርክከው ፈተጉት። አሸንዳው ውስጥ ጥቁር አሸዋ መሳይ ነገር እየተንኮሻኮሸ ይወርድ ጀመር። «አየህ? እየለቀቀ ነው!» ብለው ጮኹ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ሰውዬው ጣሪያ ላይ ወጥተው ወጣት ሆነዋል።

ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ስመለከት ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ጋሽ ደምሴ፣ ጭስ ከሆነ ከቱቦዋ ሥር ለምንድነው ንጹሕ የሆነው?»

ዞረው አዩ። ከቱቦዋ ቆብ ሥር ጀምሮ እስከ አሸንዳው ድረስ አንድ ግራጫ መስመር ወርዷል። ግራና ቀኙ ጠቁሮ ሳለ እሷ ብቻ ትናንት እንደተመታ ክዳን ንጹሕ ናት። ቁሌቱ የሚወጣበት ቦታ ማለት ነው። የሽቦ ብሩሹ ቆመ። እንዲህ ሆነው እያሉ ፒኖ በነጠላ ጫማው መንገዱን አቋርጦ እየሮጠ መጣ። «ስቶፕ! ዴሚ፣ ስቶፕ! ጣሪያህን እየበላኸው ነው!»

ፒኖ እንደነገረን ከሆነ ነገሩ ጭስ አይደለም፤ ነፍስ ያለው ነገር ነው። አልጌ ይባላል፤ ኩሬ ላይ እንደሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ያለ፣ ግን የሚያጠቁር። በነፋስ መጥቶ ያርፋል፤ ጥላና እርጥበት ያለበትን የሰሜን በኩል ይወዳል፤ ሺንግሉ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ይመገባል። የእሱም ቤት ጓሮው በኩል እንዲሁ ሆኖበት ልጁ ከሃርድዌር መደብር ጠይቆ ነግሮታል። ዚንክ የሚባለውን ብረት ይጠላል፤ ዝናብ ዚንክ የተቀባውን ቆብ አጥቦ ሲወርድ በሚያልፍበት ሁሉ አያድግም። ሲፈትጉት ደግሞ የሚለቀው እሱ ሳይሆን ክዳኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው ፍርፋሪ ነው። ያን ጊዜ አሸንዳው ውስጥ ያለውን አሸዋ አፍሶ አሳያቸው። «ኩሽናህ ምንም አላደረገም፣ ዴሚ» አለ። «ምንም።»

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ወረዱ። ፒኖን አመሰገኑት። ብሩሹን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ወደ ጋራዡ ሄዱ። ስከተላቸው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ምድጃውን ያያሉ። ስለ ጣሪያው የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ልጄን በከንቱ ነው ቀዝቃዛ ያበላኋት» አሉ።

ነገሩ ቀላል ነው አላሉም። እኔም መሰላሉን ላነሳ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጋሽ ደምሴ ኑሮ ዝናብ መጠበቅ ሆነ። ፒኖ በረኪና በውኃ በጥብጠህ ርጨው፣ ሳትፈትግ ተወውና እጠበው፣ በአንድ ቀን ይለቃል ብሏቸው ነበር። እሺ ብለው በረኪናውን ገዝተው ሁሉ መጥተው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለችውን የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ሲያዩ ተዉት። ሂሩት በልጅነቷ የተከለቻት ናት። ሸፍነናት እንረጫለን ብላቸው «አንዲት ጠብታ ብትነካትስ?» አሉኝ። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ መረጡ። እኔና ፒኖ ረድተናቸው በጣሪያው አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን የዚንክ ቆርቆሮ መቱበት። ሥራው የዝናቡ ነው። እየዘነበ እያጠበ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ታች ያጸዳል።

የሥራ ቦታቸው ምድር ቤት ስለሆነ ሰማይ አይታያቸውም። ዝናብ መጣሉን የሚያውቁት ከሚገቡት መኪኖች ነው። መኪና እርጥብ ሆኖ ሲገባ ፊታቸው ይፈታል። ሾፌሩን በመስኮት አጎንብሰው «ኢቶቢኮ በኩልም ይዘንባል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው በዝናብ ተማርሮ ሲገባ እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲጠይቁት ምን ይላቸው ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር። ደረቅ በጋ ሲሆን ይነጫነጫሉ፤ ሬዲዮ ከፍተው የአየር ሁኔታውን ሲሰሙ ገበሬ ይመስላሉ።

የፈተጉት ቦታ በዚያው ዓመት ማፍሰስ ጀመረና ሠራተኛ አምጥተው አስጠገኑት። ያው ቀለም ስላልተገኘ ከሂሩት መስኮት በላይ እንደ ሱሪ እራፊ ቡናማ ሆኖ ቀረ። የቀረው ግን በየዓመቱ እየጠራ መጣ። ግራጫው ከአናቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቁሩ ወደ አሸንዳው ይሸሻል። እሳቸውም የፒኖ አጥር ጥግ ቆመው ያያሉ፤ ከንፈር መምጠጡን ትተዋል።

«ለምን በስልክ አይነግሯትም?» አልኳቸው። «ወይ ፎቶ ይላኩላት።»

«ምን ብዬ ነው በስልክ የምነግራት፣ ጣሪያ አጸዳሁ ብዬ? ትምጣና ትየው። መንገዱ ጫፍ ላይ ከታክሲ ስትወርድ ነው ማየት ያለባት።»

በየበዓሉ ይጠይቋታል። በዚህ ክረምት ትመጫለሽ? ሜይቢ፣ ዳዲ። በሚቀጥለው ፋሲካስ? ቢዚ ነኝ፣ አየዋለሁ። አንድም ቀን ተቆጥተው አልሰማሁም። አምርራም የቀረችባቸው አይመስለኝም፤ ቀስ እያለች ነው የቀረችው። አንድ ጊዜ ትኬት ልትቆርጥ ነው ተብሎ ፍራሿን ፀሐይ ላይ አወጡ፣ መጋረጃዋን አጠቡ። ከዚያ ሥራ አገኘችና ቀረ። ፍራሹን ብቻቸውን ተሸክመው ሲያስገቡ ደርሼ በአንድ በኩል ያዝኩላቸው፤ ዓይናችን እንዳይገናኝ ፊታቸውን ከፍራሹ ጀርባ አድርገው ነበር የሄዱት።

አግብቼ ከወጣሁ በኋላ አንዳንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄድላቸው ነበር። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ሌላ ተከራይ አላስገቡም። ወጡን አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠሩት። «ጭሱ እንዳልሆነ ካወቁ በኋላ በዚህ ብርድ ምን ያስወጣዎታል?» ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ለአንድ ሰው ብሎ ቤቱን ቁሌት ቁሌት ማሰኘት ምን ያደርጋል? እሷ ስትመጣ ወደ ቤት እናስገባዋለን።» ድስቱን በፎጣ ጠቀለሉት። «ዘንድሮ እስከ አሸንዳው ደርሷል፤ አየኸው? ምንም ጥቁር የለም።»

አይቼዋለሁ። ጥርት ብሏል። ያ በመኸር ነው። በጥር ሞቱ።

ሂሩትን ኤርፖርት ሄጄ ተቀበልኳት። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ግንባሯ የአባቷ ነው። ያ ጥር በረዶው አልቆም ያለበት ነበር፤ መኪኖች ተቀብረዋል፣ መንገዱ ግድግዳ ሆኗል። ወደ ቤቱ ስንታጠፍ ቀና ብዬ አየሁ፤ ጣሪያው ከአናት እስከ አሸንዳ ወፍራም በረዶ ለብሷል። የሰሜን በኩል ስለሆነ ቶሎ አይቀልጥም። የሚታየው ነጭ ብቻ ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ ጣሪያ። ሻንጣዋን እያወጣሁ ጥርሴን ነከስኩ።

ቀብሩ ሆነ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ምግብ መጣ፣ አዛውንቶቹ አባትሽ እንዲህ ነበሩ እንዲያ ነበሩ አሏት። ራሷን እየነቀነቀች ታንክ ዩ ትላለች። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሁሉም ሄደ። ትሪ እያደረቀች «ቤቱን ሴል አደርገዋለሁ፣ መስፍን» አለችኝ። «እኔ ሂር ምንም የለኝም።»

«ከመሸጥሽ በፊት አንድ ነገር እይ። ካፖርት ልበሽ።»

የአባቷን ካፖርት ደረበች። መንገዱን አሻግሬ የፒኖ አጥር ጥግ አቆምኳት። ፒኖ በመስኮት ሲያየን ገባውና ረጅም እጀታ ያለውን የጣሪያ በረዶ መሳቢያ ከጋራዡ ይዞ ወጣ። ተቀብዬው ተሻገርኩና መጎተት ጀመርኩ። በረዶው እየተቆረሰ ከነድምፁ ወረደ። ከሥሩ ግራጫው ሺንግል ብቅ አለ።

«ምንድነው የማየው?» አለች ከማዶ።

«ጣሪያውን።»

«ኦኬ። ሩፍ ነው።»

«ንጹሕ ነው?»

«አዎ ክሊን ነው። ሶ?»

ተመልሼ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታወርድ የጠየቀቻቸውን፣ ቁሌቱ ለምን ጋራዥ እንደወጣ፣ ብሩሹን፣ ጽጌረዳዋን፣ በየመኪናው መስኮት የጠየቁትን ዝናብ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ከጣሪያው ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አንቺ ነሽ። ልጆቹ ቆሻሻው ቤት አሉሽ።»

«አላስታውስም» አለች። «አይ ስዌር፣ መስፍን፣ አላስታውስም። የማስታውሰው ሽታው ነው። ከስኩል ስመጣ በሩን ስከፍት ቤቱ ሁሉ ይሸት ነበር። አይ ላቭድ ኢት። ከዛ አንድ ቀን የለም። ዳዲ ጋራዥ ገባ። ማሚን አስታውሶ መሰለኝ፣ ወይ በኔ ተናዶ። ጠይቄው አላውቅም። እሱም አልነገረኝም።»

እንባዋ ወረደ፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ፒኖም በረንዳው ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በጣቷ ወደ ቡናማው እራፊ ጠቆመች። «ያ ጋ ምን ሆኖ ነው?»

«እዚያ ጋ አብዝተው ፈትገውት ነው።»

«የኔ ሩም ላይ» አለች፤ በእንባዋ መሀል ሳቀች። መሳቢያውን ከእጄ ወሰደችና ተሻግራ የቀረውን በረዶ እስከምትደርስበት ድረስ ጎተተችው። ስትጨርስ ጓሮ ዞራ ጋራዡን ከፈተች። የአባቷን ድስትና የበርበሬውን ጣሳ ይዛ ወጣች፤ በሩን በእግሯ ዘጋችና በኋላ በር ወደ ቤት ገባች።

እኔ መሳቢያውን ለፒኖ መልሼ አጥሩ ጥግ አብሬው ቆምኩ። ብርዱ ቢነክሰኝም መግባት አልፈለግሁም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በወጥ ቤቱ ቱቦ ቆብ ላይ የቀረችው በረዶ ላበች፣ ተንሸራታ ወደቀች፤ ከሥሯ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ፒኖ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሸተተና እንደ ልማዱ ወደ ጋራዡ ዞሮ አየ። ጋራዡ ዝግ ነው። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ከቤት ውስጥ ነው» አልኩት።